ፊልሙን አቁሙ፣ በአማርኛ ጠይቁ፦ ከልጆቻችን ጋር እንግሊዝኛ ስንማር



ዛሬ ስለ እንግሊዝኛ ልናጫውታችሁ ነው። «ዕብራይስጡን መቼ ጨረስነውና ነው ደግሞ እንግሊዝኛ የምታመጡብን?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ በእኛም ቤት ተብሏል። ግን የባግሩት ልጅ በቤቱ ያለ ወላጅ ነገሩን ያውቀዋል። ልጃችን እዚህ ተወልዶ፣ ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ጠጥቶት፣ ሠራዊት አገልግሎ ተመልሶ «ዩኒቨርሲቲ ልግባ» ሲል በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው እንግሊዝኛ ነው።

ለማያውቅ ወገን ባጭሩ እናስረዳ። የእንግሊዝኛ ባግሩት በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሂዶት ይወሰዳል። በ3 የጨረሰ ልጅ ባግሩቱን ይይዛል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን በአብዛኛው ቢያንስ 4 ይላሉ። 4 ወይም 5 ለወሰደ ደግሞ የመግቢያ ውጤቱ ሲሰላ ቦኑስ ይታሰብለታል። ፕሲኮሜትሪ ላይም ከሦስቱ ክፍሎች አንዱ እንግሊዝኛ ነው። በዚያ ክፍል 134 እና ከዚያ በላይ ያመጣ «ፕቶር» ይባላል፣ ከእንግሊዝኛ ኮርስ ነጻ ይሆናል። ያላመጣው ዲግሪውን እየተማረ በጎን የእንግሊዝኛ ኮርስ ይቀመጣል፤ ጊዜም ገንዘብም ይሄዳል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚወሰነው ልጁ ትልቅ ሰው ሲሆን አይደለም። ገና ልጅ ሆኖ፣ ሀክባጻ ሲከፋፈሉ ነው።

ከመካከላችን አንዷ እናት ልጇ ታችኛው ሀክባጻ ገባና ትምህርት ቤት ተጠራች። መምህሯ «ለእሱ 3 የሂዶት ይበቃዋል፣ አታስጨንቁት» አለቻት። ይህን በአማርኛ የተረጎመላት ልጁ ራሱ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ «ከዚህ በላይ አይችልም» የተባለውን ለእናቱ ሲተረጉም አስቡት። እናትየው ቤት ገብታ አልቅሳለች፤ ልጁ ግን «ምን አስለቀሰሽ፣ እውነቷን እኮ ነው» አላት። እኛን ያሳሰበን የመምህሯ ቃል ብቻ አይደለም። ልጁ ማመኑ ነው።

ሌላ ቤት እንዲህ ሲሆን አባት ወይም እናት ቁጭ ብሎ ያስጠናል፣ ካልሆነ የግል አስተማሪ ይቀጠራል። እኛ ቤት እናት ጽዳት ውላ ትመጣለች፣ አባት የማታ ጥበቃ ይወጣል። ለግል አስተማሪ የአንድ ሰዓት ክፍያ ከእናትየው የአንድ ሰዓት ደመወዝ ይበልጣል። በዚህ ላይ እኛ ራሳችን ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን የማናውቅ ብዙ ነን። ታዲያ ምን እናድርግ?

እኛ በሰፈራችን ማትናስ ማክሰኞ ማታ የምንሰበሰብ ወላጆችና ልጆች ነን። ከእኛ በሱዳን በኩል የመጡ አሉ፣ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጡ አሉ፣ ጎንደር ላይ ብዙ ዓመት ጠብቀው በኋላ የመጡም አሉ። ከማኅበረሰባችን የወጡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመሩናል። ያለን አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ነጭ ግድግዳ ነው። በፊልምና በቪዲዮ እንግሊዝኛ እንማራለን፤ ልጆቹም እኛም። ከዚህ ያገኘነውን ለሌላ ቤትም ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው የምንጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ፕላዝማ እናንሳ። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ2004 ገደማ በየትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ገባ፤ ሰው ሁሉ «ፕላዝማ» አለው። ትምህርቱ ያኔ ደቡብ አፍሪካ ይቀረጽና በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቅ ነበር። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ እንግሊዝኛውም በዚያ መጣ። የክፍሉ አስተማሪ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ በመካከል ያለው የቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ክፍሉ ገና ጥያቄው ምን እንደሆነ ሲጠያየቅ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ማን እንደመለሰ እንጃ! በዚህ የሳቅን ብዙ ነን፤ በዚህ ምክንያት ፈተና የወደቅንም አለን።

የፕላዝማው ምስል ጥሩ ነበር፣ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ አስተማሪው ሊያቆመው አይችልም። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ቢል ሳተላይቱ አይሰማውም። ዛሬ በእያንዳንዳችን ስልክ ላይ ያለችው የማቆሚያ ቁልፍ ያኔ በክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ «ፊልም እንግሊዝኛ ያስተምራል ወይ?» ለሚለን የእኛ መልስ «ማን ነው የሚያቆመው? ሲቆምስ ምን ይጠየቃል?» የሚል ነው።

«ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው፣ እንግሊዝኛውን በዚያው ይለምዱታል» የሚሉ ወላጆች አሉ። እውነት አላቸው፣ ግን ግማሹን ነው። በዚህ አገር ቴሌቪዥን የውጭ ፊልም በአብዛኛው ድምፁ አይቀየርም፤ የትናንሽ ልጆች ካርቱን ሲቀር ከታች በዕብራይስጥ ክቱቪዮት ይጻፍበታል። ይህ መልካም ነው፤ ጆሮ እንግሊዝኛውን ይሰማል። በካና ቴሌቪዥን የቱርኩን ድራማ በአማርኛ ድምፅ ስናይ አንድም የቱርክ ቃል ሳናውቅ መቶ ክፍል ጨርሰናል፣ አይደል? ነገር ግን ክቱቪዮትም የራሱ ጣጣ አለው። የቤልጂየም ተመራማሪዎች የተመልካቾችን ዓይን ተከታትለው ሰው የሚነገረውን ቋንቋ እያወቀ እንኳ ከታች የተጻፈውን ሳያስበው እንደሚያነብ አሳይተዋል። ልጆቻችንም ዕብራይስጡን አንብበው፣ ስቀው፣ ያልፋሉ። በፊልሙ መጨረሻ «እስቲ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ» ብትሉት ዝም ይላል።

ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ሙሉ ፊልም አናይም። የምናየው ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ያንኑ ሁለት ደቂቃ አራት ጊዜ እናየዋለን።

መጀመሪያ ድምፁን ዘግተን እናያለን። ማን ነው? የት ነው? ምን ሆኖ ነው? ይህን በአማርኛም፣ በዕብራይስጥም፣ በቻልነው እናወራለን። እዚህ ላይ እናቶቻችን ልጆቹን ይበልጧቸዋል። ከእነሱ መካከል ዕብራይስጡ ቶሎ ቶሎ ሲያልፍ አንብቦ የማይደርስባቸው አሉ፤ ስንት ዓመት ቴሌቪዥን ያዩት ፊትና እጅ እያነበቡ ነው። «ይቺ ሴትዮ ውሸቷን ነው የምትስቀው» ትላለች አንዷ፣ ልጆቹ ገና ሳይገባቸው። ድምፁ ሲከፈት እውነትም ውሸቷን ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን ከፍተን፣ ምንም ጽሑፍ ሳይኖር እንሰማለን። ሁሉም የሰማትን አንዲት ቃል ይናገራል፤ የተደጋገመም ቢሆን ይቆጠራል። ሦስተኛ ጊዜ ከታች ጽሑፉን እናበራለን፤ ዕብራይስጡን ሳይሆን እንግሊዝኛውን። ጆሮ «ገና» ብሎ የሰማው «ጎዊንግ ቱ» እንደነበር ያኔ ይታያል። አራተኛ ጊዜ እያቆምን፣ እየደገምን፣ እንደ ተዋናዩ እንናገራለን። ፈጣን ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.75 እናወርደዋለን፤ ዩቲዩብ ላይ በነጻ የሚገኝ ነገር ነው።

ለጀማሪ በጣም የረዳን ብዙ የማይናገር ፊልም ነው። ሚስተር ቢንን የማያውቅ የለም። በ1990 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ሰውየው ፈተና ላይ ተቀምጦ ነው የሚጀምረው። እስክሪብቶውን ይደረድራል፣ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ ያቆማል፣ ከዚያ የጎረቤቱን ወረቀት ሊሰርቅ አንገቱን ያረዝማል። ባግሩት ያለባቸው ልጆች በዚህ እንዴት እንደሳቁ! ሰውየው ስለማይናገር የሚናገሩለት ልጆቹ ናቸው። እናቆምና «አሁን ምን እያደረገ ነው?» እንላለን። «ሂ ኢዝ ሉኪንግ»። «ወዴት?» «አት ሂዝ ፍሬንድስ ፔፐር»። እናስኬዳለን። እንደገና እናቆማለን። ከአንድ ፈተና ትዕይንት ሃያ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ለትናንሾቹ ደግሞ ፔፓ ፒግን በእንግሊዝኛ ድምፅ እናደርግላቸዋለን። አንዱ ክፍል አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ንግግሩ የቤት ንግግር ነው፦ ጫማህን አድርግ፣ ና እንብላ፣ ዝናብ ጣለ። እኛ ትልልቆቹም ከዚያ ብዙ ተምረናል፣ አናፍርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ የምንለው ብዙ ወላጅ የማያስበው ነው፤ አማርኛችን ለልጆቹ እንግሊዝኛ ይረዳል።

ዕብራይስጥ ዛሬ ላይ «ነኝ፣ ነህ፣ ነው» የሚል ቃል አይፈልግም። «አኒ ታልሚድ» ብሎ ያልቃል። ስለዚህ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ «አይ ስቱደንት» ይላሉ፣ መምህሯም በቀይ ታሰምርበታለች። በአማርኛ ግን «እኔ ተማሪ» ብሎ የሚያቆም ሰው የለም፤ «ተማሪ ነኝ» ይላል። ያቺ «ነኝ» በእንግሊዝኛ «አም» ናት። ከእናቶቻችን አንዷ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የማትችል፣ ይህ ከገባት ጀምሮ ልጆቹ በሳቱ ቁጥር ከኋላ ሆና «ነኝ የት ሄደች?» ትላለች። አሁን ቃሉ የቤቱ ቋንቋ ሆኗል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው በዕብራይስጥ እያወሩ መካከል ላይ በአማርኛ «ነኝ የት ሄደች?» ይባባላሉ።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። በዕብራይስጥ «አኒ ሆሌኽ ለቤት ሴፈር» ሲል አሁን መንገድ ላይ መሆኑን ነው ወይስ በየቀኑ እንደሚሄድ? ቃሉ አንድ ነው፤ ከአጠገቡ ባለው ቃል ነው የሚለየው። በአማርኛ ግን «እየሄድኩ ነው» ሌላ፣ «እሄዳለሁ» ሌላ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ይለያል፦ «አይ አም ጎዊንግ» አንድ፣ «አይ ጎ» አንድ። በእንግሊዝኛ ክፍል ልጆቻችንን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ደንቡን በዕብራይስጥ ሲያስረዷቸው የሚይዙበት የላቸውም። ፊልሙ ላይ ሰውየው እየሮጠ ሲቆም እናት «ይሮጣል ነው ወይስ እየሮጠ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ልጁ «እየሮጠ ነው» ይላል። «እንግዲያ በእንግሊዝኛ በለው» ትለዋለች። «ሂ ኢዝ ራኒንግ»። እናትየው «ራኒንግ» ምን እንደሆነ ሳታውቅ አስተማረችው ማለት ነው።

ሦስተኛው «በላሁ» እና «በልቻለሁ» ነው። ዕብራይስጥ ለሁለቱም «አኻልቲ» ይላል። እንግሊዝኛ «አይ ኤት» እና «አይ ሃቭ ኢትን» ብሎ ይለያል። ሁልጊዜ አንድ ለአንድ አይገጥምም፤ እንግሊዝኛ የራሱ ጠባይ አለው፣ መሪዎቻችን ተማሪዎችም ይህን ያስጠነቅቁናል። ግን እናት ለልጇ «ብላ» ስትለው «በልቻለሁ!» ብሎ የሚመልሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ አሁን ጠግቧል ማለት ነው። የቆመ ነገር ግን እስከ አሁን የሚነካን። ይህን ስሜት በጆሮው ይዞ የመጣ ልጅ ደንቡን ሲነግሩት ግማሹን ያውቀዋል።

ይህን ስንል እያጋነንን አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ «ቤት ውስጥ አማርኛ አታውሩት፣ ዕብራይስጡ ይበላሽበታል» ሲባል ሰምተናል። በባንክ፣ በኩፓት ሖሊም፣ በትምህርት ቤት ልጆቻችን ናቸው ሲተረጉሙልን የኖሩት። ልጅ ለወላጁ አፍ ሲሆን ወላጅ በቤቱ ያንሳል፤ ማናችንም ሳንናገረው የምናውቀው ነው። ማክሰኞ ማታ ግን ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ «እማ፣ ይሄ በአማርኛ እንዴት ነው?» ይላል። የሚጠይቀው ለራሱ ጥቅም ነው፣ ለእሷ ብሎ አይደለም። ለዚህ ብቻ እንኳ መሰብሰባችን ዋጋ አለው።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር እንበል። እኛ ትልልቆቹ «ስኩል» ማለት አቅቶን «እስኩል» እንላለን፣ ልጆቹ ይስቁብናል። እነሱ ደግሞ «ዚስ ኢዝ» እያሉ ምላሳቸውን ከጥርሳቸው ኋላ ይሸጉጣሉ፤ ያ የእንግሊዝኛ ድምፅ በአማርኛም በዕብራይስጥም የለም። እዚህ ላይ እኩል ነን። ተዋናይዋ ፊቷ ቀርቦ በሚታይበት ቦታ አቁመን ምላሷን እናያለን፣ ሁላችንም ምላሳችንን አውጥተን እንሞክራለን። የ60 ዓመት ሴትና የ12 ዓመት ልጅ ፊት ለፊት ምላስ ሲያወጡ ማየት ነው!

አንድ ምሽት ግን ሳቅ አልነበረም። በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣ፣ ጊዴዮን ራፍ ያዘጋጀው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚባል የእንግሊዝኛ ፊልም አለ። ሞሳድ በሱዳን ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በሚባል ቦታ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ወገኖቻችንን በሌሊት ወደ ባሕር ያወጣበትን ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። መሪዎቻችን «ታሪኩን ስለምታውቁት እንግሊዝኛው ይቀላችኋል» ብለው መረጡት። ሰው የሚያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ሲሰማ ብዙ ይገባዋል፤ ይህ እውነት ነው፣ ገብቶናል።

ሁለት ደቂቃ እንዳየን ግን በሱዳን የመጡት አባታችን «አቁሙት» አሉ። «እስቲ ንገሩኝ፣ የሚናገሩት እነማን ናቸው?» ልጆቹ መልሰው አዩት። የሚናገሩት ወኪሎቹ ናቸው። የፈረደ አክሉምን ታሪክ የሚያስታውስ አንድ ሰው በፊልሙ ውስጥ አለ፣ እሱ ይናገራል። በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ግን የእኛ ሰዎች ዝም ብለው ይሮጣሉ፣ ዝም ብለው መኪና ላይ ይወጣሉ። አባታችን «እኛ እኮ ዝም አላልንም ነበር» አሉ። ከዚያ አወሩ። በሌሊት መሄድ፣ በቀን መደበቅ፤ ውሃ፤ ካምፑ ውስጥ የቀሩት። በዚያ መንገድና በሱዳን ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን እንደሞቱ፣ በሄርጽል ተራራም መታሰቢያ እንዳላቸው ልጆቹ በትምህርት ቤት ሰምተዋል። ከአያት አፍ፣ ፊልሙ ግድግዳው ላይ ቆሞ ሲሰሙት ግን ሌላ ነው።

ከዚያ መሪዎቻችን አንድ ሥራ ሰጡ። ድምፁን ዘግታችሁ፣ እነዚያ ዝም ያሉት ሰዎች ምን እንደሚሉ በእንግሊዝኛ ጻፉላቸው፤ አባታችንን እየጠየቃችሁ። ልጆቹ በሦስት ተከፍለው ከበቧቸው። «ያኔ እናትህ ምን አለችህ?» «ምን ይዛችሁ ነበር?» በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ አማርኛው ያቃተው በዕብራይስጥ ይጠይቅና ጓደኛው ይመልስለታል። አንዲት ልጅ የጻፈችው «ዊ ዎክድ ባይ ናይት። ዊ ሂድ ባይ ዴይ። ማይ ማዘር ሴይድ፣ ዶንት ክራይ» የሚል ነው። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር። ፊልሙን ድምፅ አልባ አድርገን ልጅቷ አነበበችው። አባታችን እንግሊዝኛውን አልሰሙትም፤ ሲተረጎምላቸው ግን «አዎ፣ ልክ ነው» ብለው ዝም አሉ።

ይህ ለፈተናም ይጠቅማል፣ ስሜት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛ ባግሩት የቃል ፈተና አለው፤ በኮምፒዩተር ሲሰጥ ተማሪው ስለ ራሱ ይጠየቃል፣ ስለ ሠራው ፕሮጀክት ይናገራል፣ አጭር ቪዲዮም አይቶ ስለ እሱ ይመልሳል። እዩት እንግዲህ፤ ቪዲዮ ማየትና በእንግሊዝኛ መናገር ራሱ ፈተና ነው። ለዚህ ልምምድ የግል አስተማሪ አያስፈልግም። ፕሮጀክት ያጣ ልጅም አያቱ ቤት ይሂድ።

ፊልም የማያደርገውንም እንናገር፣ ሰው እንዳናታልል። የፕሲኮሜትሪ እንግሊዝኛ የሚነበብ ነው፦ ዓረፍተ ነገር መሙላት፣ አንዱን ሐሳብ በሌላ ቃል ማወቅ፣ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ መመለስ። በፊልም የሚነገረው ቋንቋ የቤትና የመንገድ ነው፤ የመጽሐፍ ቃል እዚያ ጥቂት ነው። ዌብ እና ሮጀርስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 የብዙ ፊልሞችን ቃል ቆጥረው፣ በጣም የተለመዱትን 3,000 የቃል ቤተሰቦች እና የሰውና የቦታ ስሞችን የሚያውቅ ሰው ከፊልሙ ቃላት 95 በመቶ ያህሉን እንደሚያውቅ ጽፈዋል። ይህ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ፊልም የሚደረስበት ነገር ነው፤ ሰማይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምንም ቃል የሌለው ልጅ ከፊልም ፊት ቢቀመጥ ማየት እንጂ መማር የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ ከቪዲዮው አሥር ቃል እንይዛለን፣ በደብተር በሦስት ቋንቋ እንጽፋቸዋለን። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሩብ ሰዓት ያነባሉ። ማንበቡ አይቀርም። ስድብ የበዛበትን ፊልምም አስቀድመን እንለያለን፤ ልጆች ከፊልም መጀመሪያ የሚይዙት ስድቡን እንደሆነ ወላጅ ሁሉ ያውቃል።

እናንተም ቤት መጀመር ለምትፈልጉ፣ የእኛ ምክር ይህ ነው። ሁለት ደቂቃ ብቻ ምረጡ፣ ልጁ የሚወደውን፤ እግር ኳስም ቢሆን፣ ምግብ አሠራርም ቢሆን። መጀመሪያ ድምፁን ዝጉ። የዕብራይስጡን ክቱቪዮት አጥፉ፣ በኋላ የእንግሊዝኛውን አብሩ። ቁልፉን እናንተ ያዙ፤ ልጁ ይዞት ከሆነ አያቆመውም። አቁማችሁ በአማርኛ «አሁን ምን እያደረገ ነው?» በሉ። ዛሬ ካደረጋችሁት ነገ ልጁ ለሌላ ሰው ይንገረው፤ ሁለት ልጆች ካሉ አንዱ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ሌላው የሚያየውን በእንግሊዝኛ ይንገረው። እንግሊዝኛ አላውቅም ብላችሁ አትሽሹ። የማያውቅ ሰው ጥያቄ ልጁን የበለጠ ያናግረዋል፣ ምክንያቱም ማስረዳት ግዴታው ይሆናል።

ያገኘነውን እንደሆነው እንናገር። ከልጆቻችን ከ3 ወደ 4 የሂዶት የወጡ አሉ፣ ያልወጡም አሉ። ስለ ራሱ የተረጎመው ልጅ አሁንም በዚያው ሀክባጻ ነው። ግን በዚህ ዓመት መጀመሪያ እናቱ እንደገና ትምህርት ቤት ሄዳለች፤ ልጁን ውጭ አስቀምጣ፣ በራሷ ዕብራይስጥ፣ «4 እንዲሞክር ምን ማድረግ አለበት? በጽሑፍ ስጪኝ» ብላ ጠይቃለች። ወረቀቱ ተሰጥቷታል፣ ማትናስ ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ልጁም በየማክሰኞው ይመጣል። ፈተናው በክረምት ነው፣ ውጤቱን እንነግራችኋለን።

በየከተማችሁ እንዲህ የምትሰበሰቡ ካላችሁ ጻፉልን፤ የምታዩትን ቪዲዮ ብንለዋወጥ ሥራው ይቀላል። ለመጀመር የፈራችሁም ጠይቁን፣ ከእኛ አንዱ መጥቶ አንድ ምሽት አብሯችሁ ይቀመጣል። ፕሮጀክተር ባይኖር በስልክም ይሆናል።

ሰላም ሁኑልን።